ጡሩምባ የሚነፋ ሳጥን

«አልችልም» የሚለውን ቃል አልወደውም። ደንበኛ የተቃጠለ አምፕሊፋየር ተሸክሞ መጥቶ «ይሠራል?» ሲለኝ ክዳኑን ሳልከፍት «ይሠራል» እላለሁ። ብዙ ጊዜ እውነቴን ነው። ያልሆነ ጊዜም ጥፋቱን በመለዋወጫው አሳብባለሁ። ሰፈሩ «ኢንጂነሯ» ይለኛል፤ ግማሹ አክብሮኝ፣ ግማሹ ሊያሾፍብኝ። እኔ ሁለቱንም እንደ ክብር እቆጥረዋለሁ።

ሱቄ አዳማ ውስጥ፣ ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት ማዕዘን ጀርባ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያና ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ሦስተኛ ሰው ከመጣ ደጅ ቆሞ ያወራል። ጠረጴዛው ላይ ከንብረቴ ሁሉ የምሳሳለት አንድ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ አለ። ድምፅን በዓይን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ድምፁ በማይክሮፎን በኩል ኤሌክትሪክ ሆኖ ሲገባበት፣ መስተዋቱ ላይ አረንጓዴ መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል። ፉጨት ለስለስ ያለ ሞገድ ይሠራል። የተበላሸ ስፒከር ደግሞ መስመሩን ያንቀጠቅጠዋል። ሰው «ድምፁ ደስ አይልም» ብሎ የሚያማርረውን ነገር እኔ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

የሙያዬ ዋና ነገር ሁለት ነው። አምፕሊፋየር ትንሹን ድምፅ ተቀብሎ ያጎላዋል። ኦሲሌተር ደግሞ ማንም ሳይናገርበት ከራሱ ድምፅ ያወጣል። ሁለቱ ዘመዳሞች መሆናቸውን ሠርግ ላይ የተገኘ ሁሉ ያውቃል፣ ማወቁን ባያውቅም። ሚዜው ማይክሮፎኑን ይዞ ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይነሳል። ማይክሮፎኑ የሰማውን አምፕሊፋየሩ ያጎላል፣ ስፒከሩ ይጮኻል፣ ያንኑ ጩኸት ማይክሮፎኑ መልሶ ይሰማዋል፣ እንደገና ይጎላል። የራሱን ድምፅ መልሶ የሚሰማ አምፕሊፋየር ኦሲሌተር ሆነ ማለት ነው። እኛ ባለሙያዎች ይህንኑ ሆን ብለን እናደርገዋለን። ከሚወጣው ጥቂቱን በልኩና በሰዓቱ ወደ መግቢያው እንመልሳለን፤ ባትሪው እስካለ ድረስ ሞገዱ ሳያቋርጥ ይቀጥላል።

አባቴ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ከባቡር ሥራ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ፣ በሰፈሩ ሰው ሲሞት ማልደው ይነሳሉ፣ ጥቁር ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ ያን ረጅም የቆርቆሮ ጡሩምባ ይዘው በየመንገዱ ይዞራሉ። ሦስት ጊዜ ይነፉና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራሉ። ሰው ከሩቅ ይወዳቸዋል። በጠዋት በሩ ላይ ካያቸው ግን ሰላምታውን ትቶ «ማን ነው?» ይላል። አባቴም ይህን ያውቃሉ፤ ጠዋት ጠዋት ለዳቦ እንኳ ሲወጡ እጃቸውን እያወናጨፉ ይሄዳሉ፣ ጡሩምባ እንዳልያዙ ሰው እንዲያይ።

ጡሩምባው የሚሰቀለው በቤታችን በር ጀርባ ነው። ለሙከራ አይነፋም። ለጨዋታ አይነካም። ድምፁን በስልክ የቀዳ ሰው አላውቅም፤ ማን ደፍሮ የሞት ጥሪ ኪሱ ይዞ ይዞራል? ያለ ሞት የተነፋ ጡሩምባ ሞት ይጠራል ተብሎ ስለሚታመን፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማላምነው ሴትዮ እንኳ በሩን ስዘጋ ቀስ ብዬ ነው።

ከዚያ የአባቴ ሳንባ ደከመ። አንድ ጠዋት ሁለተኛውን ነፍተው ሦስተኛው ላይ ግድግዳ ይዘው ቆሙ። ሐኪሙ መራመድ እንደሚችሉ፣ መናገር እንደሚችሉ፣ ጡሩምባ ግን ከእንግዲህ እንደማይነኩ በግልጽ ነገራቸው።

በሳምንቱ የእድሩ ሊቀመንበር ሱቄ መጡ። ከአባቴ ጋር አብረው ያረጁ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንጂነሯ?» አሉኝ። እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። ይግቡ።»

አልገቡም። ኮሚቴው መክሮ ሞትን በስልክ ግሩፕ ለማሳወቅ እንዳሰበ ነገሩኝ። «አባትሽን እናከብራቸዋለን። ግን ምን እናድርግ? ትንፋሽ የለም።»

አባቴ በዚያን ጊዜ ደጅ ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠው ነበርና ሰሙ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ፈቱ፣ ደግሞ ቆለፉ። አባቴን አውቃቸዋለሁ። እናቴ ከሞተች በኋላ ከአልጋ የሚያስነሳቸው ነገር፣ ሰፈሩ እንደሚፈልጋቸው ማወቃቸው ብቻ ነበር። ያ ከተወሰደባቸው ግድግዳ ሲያዩ የሚውሉ ሽማግሌ እንደሚሆኑ ታየኝና ፈራሁ።

«ጡሩምባ የሚነፋ ሳጥን እሠራለሁ» አልኳቸው ለሊቀመንበሩ። «ባጃጅ ላይ ይጫናል። አባቴ ቁልፉን ይጫናሉ፣ ስሙን በማይክሮፎን ይናገራሉ።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

እስከ ወሩ ስብሰባ ጊዜ ሰጡኝ።

በአራት ቀን ጨረስኩት። ከመሳቢያዬ ስምንት እግር ያላት አንዲት ቺፕ አወጣሁ። አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ጨመርኩላት። ካፓሲተሩ በኤሌክትሪክ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ እንደገና ይሞላል፤ ሬዚስተሩ ደግሞ እንደ ቧንቧ ጠበብ ሰፋ እያለ የመሙላቱን ፍጥነት ይወስናል። በሴኮንድ ስንት ጊዜ ሞልቶ እንደሚጎድል፣ የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት እሱ ነው። ሞገዱ በኦሲሎስኮፑ ላይ ጥርት ያለ ነበር፤ ዘሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ ዘሎ ይወርዳል፣ ልክ እንደ ሸንሸል አጥር። በስታኞ፣ ቀልጦ በሚያጣብቀው ሽቦ፣ በየድኳቸው፤ ከአምፕሊፋየርና ከጡሩምባ ስፒከር ጋር አገናኘሁት፣ በቆርቆሮ ሳጥን ዘጋሁት። በጣም ኮራሁበት።

ድምፁን ግን ደጅ አውጥቼ አልሞከርኩትም። እንዴት ብዬ ልሞክረው? ሰፈር ውስጥ ጡሩምባ ባሰማ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ይመጡብኛል። ስለዚህ ስፒከሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ትንሽ አስጮህኩት፣ «ይበቃል» አልኩ። የመጀመሪያው ሙከራ እውነተኛ ሞት እንዲሆን የፈረድኩት እኔ ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከታችኛው መንገድ አንዲት እናት አረፉ። ማልደን ወጣን፤ ባጃጁን ጎረቤታችን ይነዳል፣ አባቴ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ከኋላ ተቀምጠዋል፣ እኔ ሳጥኑን አቅፌያለሁ። በመጀመሪያው ማዕዘን አባቴ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ተጫኑ። ድምፁ መንገዱን ሞላው። በሮች ወዲያው ተከፈቱ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ልቤ በኩራት አበጠ።

ከመጀመሪያው በር የወጣችው ሴት በአንድ እጇ የተቀደደ ጫማ፣ በሌላው የተሰነጠቀ ሳፋ ይዛለች። ከሁለተኛው አሮጌ ሱሪ መጣ። ሦስተኛዋ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር እየጎተተች ወደ ባጃጁ ተጠጋችና አባቴን፣ ጥቁር ኮት የለበሱትን አባቴን፣ «ለዚህ ምን ትለውጥልኛለህ?» አለቻቸው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በሰፈራችን የሚዞረው ልዋጭ፣ አሮጌ ዕቃ ተቀብሎ አዲስ ሳፋና ጆግ የሚሰጠው ሰውዬ፣ ከሁለት ወር በፊት ሜጋፎኑን እኔ ዘንድ አምጥቶ ነበር። የማስጠንቀቂያ ድምፁ ተቃጥሎ ስለነበር አዲስ ሠራሁለት። ከዚያችው መሳቢያ፣ ያችኑ ዓይነት ቺፕ፣ ያንኑ ሬዚስተርና ያንኑ ካፓሲተር ተጠቅሜ። እጄ የለመደውን አንስቷል። ሰፈሩ ሁለት ወር ሙሉ ያንን ድምፅ በሰማ ቁጥር አሮጌ ጫማ ይዞ መውጣት ተምሯል።

አባቴ ከባጃጁ ወረዱ። በየበሩ እየቆሙ በእጃቸው አንኳኩተው፣ ባልጎላ ድምፃቸው ስሙን መናገር ጀመሩ። በየሦስት በሩ ቆመው ይተነፍሳሉ። ልደግፋቸው ስጠጋ እጄን ገፉት። በዚያ ቀን ድንኳኑ አርፍዶ ተተከለ፣ የሟቿ ልጆች ባዶ ግቢ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ብቻቸውን ቆሙ። እኔም አንዱ ጥግ ቆሜ መሬት አየሁ። አፍሬ አላውቅም አልልም፤ እንደዚያን ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

ሊቀመንበሩ አልተቆጡም። «እሁድ ስብሰባ ነው፤ እዚያ እንጨርሰዋለን» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ሁለት ቀን አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን በሩ ጀርባ ሄድኩና ጡሩምባውን ከመስቀያው አወረድኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ።

«አባባ፣ እርስዎ እንዴት እንደሚነፉ ሳልጠይቅዎ ነው የሠራሁት። ከከተማ እንውጣ። ያሳዩኝ።»

ባጃጁ በደራ መንገድ ወሰደን። ከደራ ከተማ ሳንደርስ፣ እርሻ ብቻ በሆነበት ቦታ ዋናውን መንገድ ለቀን ቆምን። ኦሲሎስኮፑን ከባጃጁ ባትሪ በኢንቨርተር አስነሳሁት። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሐኪሙ የማይቆጣባትን ያህል ትንሽዬ፣ ማይክሮፎኑ ላይ ነፉ። ያን ሞገድ ሳይ የራሴ ሸንሸል አጥር አስቀኝ። የጡሩምባ ድምፅ ዘሎ አይጀምርም። ሲወለድ ለስላሳ ነው፣ የውኃ ሞገድ ይመስላል። ትንፋሹ ሲበረታ ይወፍራል፣ ጫፉ ይሾላል፣ ይሻክራል። ሰው ልቡን የሚነካው ያ ከልስላሴ ወደ ሻካራ የሚሄደው መንገድ ነው። የኔ ሳጥን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጉልበት ይጮኽ ነበር።

ሜዳው ላይ ቁጭ ብዬ ፈታሁት። ቺፕዋን አውጥቼ ከዕቃ ቦርሳዬ ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ ሌላ ኦሲሌተር አስገባሁ። በእሱና በአምፕሊፋየሩ መካከል ከአሮጌ ሬዲዮ የፈታሁትን የቮልዩም ቁልፍ ቀጠልኩ። አሁን ቁልፉ በትንሹ ሲዞር ለስላሳው ሞገድ እንዳለ ያልፋል። አብዝተው ሲያዞሩት ሞገዱ ከአምፕሊፋየሩ አቅም በላይ ያድግና ጫፉ ይቆረጣል፤ ድምፁም ይሻክራል። ሱቄ ውስጥ ይህ ብልሽት ነው፤ ሰው አምጥቶ «አስተካክይልኝ» የሚለኝ። እዚያ ሜዳ ላይ ግን የሚያስፈልገኝ እሱ ነበር።

«በትንፋሽዎ ፈንታ በጣትዎ ይንፉ» አልኳቸው።

አባቴ ቁልፉን ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንደኛው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ወፈረ፣ ሻከረ፣ ረገበ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ መሐል ሲደርስ ድምፁ እጥፍ ብሎ ጠፋ፣ ከዚያ ተመለሰ። ቮልዩሙ መጥፎ ኮንታክት ያለው መሰለኝና ካቻቢቴዬን አነሳሁ።

«አትንኪው» አሉኝ።

«ተቋረጠብኝ እኮ፣ አባባ። ላጥብቀው።»

«እኔ ነኝ ያቋረጥኩት።» ዓይናቸውን አልከፈቱም። «ለእናትሽ የነፋሁ ዕለት ሦስተኛው ላይ ተሰበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልሰብረው ነፍቼ አላውቅም። ሰፈሩም የሚያውቀው እሱን ነው።»

ለእናቴ ራሳቸው መንፋታቸውን አውቃለሁ። ያን ጠዋት ግን እኔ ቤት ውስጥ እያለቀስኩ ነበርና አልሰማሁትም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁሉ ድምፁን ሰምቻለሁ፣ ትንፋሽ አጠራቸው እያልኩ አልፌዋለሁ። የድምፅ ባለሙያ ነኝ ባዩዋ እኔ! ካቻቢቴውን ኪሴ ከተትኩና ፊቴን ወደ ኦሲሎስኮፑ አዞርኩ፤ እሱ ደግሞ በደንብ አልታይ አለኝ።

ቀና ስል በእርሻው መሐል አንድ ገበሬ ወደ እኛ ሲሮጥ አየሁ። በሬዎቹን እንደተጠመዱ ትቷቸዋል። እየቀረበ ሲመጣ ሩጫውን ወደ እርምጃ ለወጠ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ አንገቱን ደፋ።

«ኤኙቱ ዱኤ?» አለ ለአባቴ። ማን ሞተ?

በአባቴ ፊት ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅ መጣ። «ናምኒ ሂንዱኔ፣ ማንም አልሞተም ልጄ» አሉት።

ገበሬው ኮፍያውን መለሰ። እኛን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ በሬዎቹን ዞሮ አየ። «ማንም ካልሞተ ታዲያ ሥራዬን ለምን ያስፈቱኛል?» ብሎ እያጉረመረመ ተመለሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ወቀሳ የለም። አሮጌ ጫማ አልያዘም ነበር!

እሁድ ስብሰባው ላይ ሳጥኑን አላስጮህንም፤ በስብሰባ ላይ ማን ይሰማዋል? የገበሬውን ነገር ተናገርኩ፣ የልዋጩም ስህተት የማን እንደሆነ ሳላዳፍን ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ሳቃቸውን ዋጡና ለአንድ ሞት ዕድል ሰጡን። ያ ቀን ሲመጣ በሮች ተከፈቱ፣ ሰው ባዶ እጁን ወጣ፣ «ማን ነው?» አለ። አባቴ ስሙን ተናገሩ። የስልኩ ግሩፕም አልቀረም፤ ቀብሩን ያስታውሳል። የሚጠራው ግን ሳጥኑ ነው፣ ሳጥኑም በአባቴ እጅ ነው። የልዋጩን ድምፅ በነጻ ቀየርኩለት፤ አሁን እንደ ወፍ ይንጫጫል፣ ደንበኛ ጨምሮልኛል ይላል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እወድ ነበር። ግን ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት አባቴ ሱቄ መጡና ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«የስፒከሩን ሽቦ ንቀይ» አሉኝ።

ነቀልኩት። ሽቦው እስኪመለስ ሳጥኑ ድምፅ አያወጣም።

«በሚያሳየው መሣሪያሽ ላይ ሰኪው። በይ ቁልፉን ያዢ።»

«ምን ሆኗል? ተበላሸ?»

«ምንም አልሆነም። ይህን ሰፈር በሙሉ እኔ ጠራሁ። የኔ ቀን ሲደርስ ተነስቼ ራሴ ልነፋ ነው?»

ቀልድ ፈለግሁ፣ አልመጣልኝም። ቁልፉን ያዝኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት ይመጣሉ። ደጅ ላይ የነበረው ወንበር ወደ ውስጥ ገባ። ድምፅ የለም፤ እኔ አዞራለሁ፣ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አረንጓዴውን መስመር ያያሉ። «ቸኮልሽ» ይላሉ። «ይህ የአምቡላንስ ነው።» «አሁን ደግሞ አንቀላፋሽ።» መካከል ላይ የእናቴን ነገር ያነሳሉ፣ የባቡሩን፣ ከሞጆ ወዲህ ስለነበረው ጉዞ፣ ከዚያ በፊት ነግረውኝ የማያውቁትን። ደንበኛ ሲመጣ ደጅ እንዲጠብቅ አደርጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እጄ ገባው። መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳለ ሦስቱንም አዞርኩ። መስመሩ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ወፈረ፣ ሻከረ፤ ሦስተኛው ልክ ቦታው ላይ ተሰበረና ተመለሰ። የሳቸው ነበር፣ አንድም ነገር አልጎደለውም።

መነጽራቸውን አደረጉ። «እስቲ ድገሚው» አሉ።

እንደምችል አውቅ ነበር። ቁልፉን ያዝኩና ሦስተኛውን ሳልሰብር፣ ቀጥ አድርጌ አሳለፍኩት።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገና ነሽ።»

«ገና ነኝ፣ አባባ» አልኩ። «አልቻልኩም።»

«እንግዲያው ነገም እመጣለሁ» አሉና ኮታቸውን አስተካክለው ወጡ።